ካልረጋ አይነበብም

የስልሳ አንድ ዓመተ ምሕረት በልግ ሲነሳብኝ አስቀድሞ የሚታወሰኝ ጭቃው ነው። ዝናቡ የካቲት ሳያልቅ ጀመረ፣ ግንቦት ሲጋመስም አልተወንም። ያኔ በእኛ በኩል አስፋልት የሚባል ነገር የለም። ቀዩ ጭቃ ጫማ ያስቀራል፣ ቀሚስ ጠርዝ ላይ ይጋገራል፣ ደጃፍ የተነጠፈው ጆንያ ራሱ ጭቃ ሆኖ ይውላል። የታጠበ ልብስ ጭስ ጭስ እየሸተተ በቤት ውስጥ ይደርቃል፤ ሳይደርቅም ይለበሳል። ከጓሯችን ያለው እንሰት ብቻ ነበር የተመቸው። ሰዉ ሁሉ ፊቱን አኮማትሮ ነበር የሚሄደው፤ በትንሽ በትልቁ ይነጫነጫል። እኔ ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ እናቴን የማግዝበት ዘመን ነው። ያ በልግ ያለቀው እንደጀመረው ነው፤ በንጭንጭ።

ያቺ መኪና የመጣችው በዚያ ጭቃ መሀል ነው።

ቤታችን ዲላ፣ ወደ ቡሌ በሚያወጣው መንገድ ዳር ነበር። ከመንገዱ ማዶ የአቶ ግዛቸው ግቢ አለ። አቶ ግዛቸው አባታቸው ከሸዋ የመጡ የቡና ነጋዴ ናቸው፤ ሚዛናቸው በር ላይ ተሰቅሎ ይውላል። የእኛን የጓሮ ክፍል ደግሞ የተከራየው ደመላሽ ነበር። ዛሬ የምጽፈው ስለ እሱ ነው፤ እኔ ካልጻፍኩ የሚጽፍለት የለም።

ደመላሽ የይርጋጨፌ ልጅ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን። በልጅነቱ ወጥቶ አገራችን ለቀረ አንድ ጣሊያን ሾፌር ረዳት ሆነ። ገመድ ማሰር፣ ጎማ መቀየር፣ የሞተር ድምፅ መለየት፣ ሁሉንም ከሱ ተማረ። ጣሊያኑ ጠዋት ጠዋት ሞተር ከመቀስቀሱ በፊት የዘይቱን መለኪያ ሽቦ ይመዛል፣ ይጠርጋል፣ እንደገና ነክሮ ያያል። ደመላሽም ይህንን እንደ ዳዊት ያዘው። ጣሊያኑ አገሩ ሲገባ ደመላሽ መንጃ ፈቃድ አወጣ፤ ግን መኪና የሚያምነው አላገኘም። አንዱ ሾፌር ሲታመም ይተካል፣ ሲድን ይወርዳል። ዕድሜውን በሙሉ የሌላ ሰው ወንበር ሲያሞቅ ኖረ። «እትዬ ሙሉእመቤት» ይላት ነበር እናቴን፣ «እኔ እኮ የመኪና ሞግዚት ነኝ። አሳድጌ ለእናቱ እመልሳለሁ።»

አቶ ግዛቸው ከአዲስ አበባ፣ ከጦር ሠራዊት በሐራጅ የወጣች የአሜሪካን ካሚዮን ገዙ። ሞተሩ ሁሉንም ጎማዋን ያዞራል፣ ለቡሌ ጭቃ የተፈጠረች ናት ተባለ። ወደ ላይ ጨውና ቆርቆሮ፣ ወደ ታች ገብስና ቀርከሃ ልታመላልስ ነው። ግን አንድ ጉድ አላት፤ በግራ እግር የሚረገጥ ፍሪሲዮን የላትም። ካምቢዮዋን ራሷ ነው የምትቀይረው። የዲላ ሾፌር በሙሉ ይሄን ሲሰማ ሸሸ። ደመላሽ ግን «ስጡኝ» አለ። ቁልፏ አንዴ ካስነሳት በኋላ የሚነቀል ነው፤ ሲሰጡት ከማተቡ ጋር አንገቱ ላይ አሰረው። እናቴ «ማተብ ላይ ብረት ይታሰራል?» ብላ ብትቆጣው፣ «እትዬ፣ እስክሞት አልፈታውም» አላት።

መኪናዋ የገባች ዕለት ሰፈሩ ሁሉ አቶ ግዛቸው ግቢ ተሰበሰበ። እኔም ነበርኩ።

«እህሳ ደመላሽ» አሉት አቶ ግዛቸው፣ «ፍሪሲዮን ከሌላት ግራ እግርህ ምን ሊሠራ ነው?»

«ጡረታ ወጥቷል፣ ጋሼ።»

ሰው ሳቀ። አቶ ግዛቸውም ሳቁ። ደመላሽ ከዚያ ሁለተኛዋን መለኪያ ሽቦ መዘዘ። ያቺ የሞተሩ አይደለችም፣ የካምቢዮው ናት። ጫፏ ላይ ቀይ ዘይት ይንጠባጠባል።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው? ደም ነው እንዴ?»

«የካምቢዮዋ ዘይት ነው፣ ጋሼ። የምትሄደው በሱ ነው። ከጎደለ ትሞቃለች፣ ከሞቀች ትቃጠላለች።»

«መጉደሉን በምን ታውቃለህ ታዲያ?»

ደመላሽ እንደዚህ ያለች መኪና ከዚያ በፊት በዓይኑ አይቶ አያውቅም። አላውቅም ማለት ይችል ነበር። ግን ቁልፉ አንገቱ ላይ ገና አልሞቀም፤ ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ያየዋል። ቀና ብሎ በር ላይ የተሰቀለውን የቡና ሚዛን አየና፣

«እንደ እርስዎ ሚዛን ነው፣ ጋሼ» አለ። «ጆንያው እየተወዛወዘ ሚዛን ይነበባል? ካልረጋ አይነበብም። ሞተሩን አጥፍቶ፣ አሳድሮ፣ ጠዋት ነው መለካት።»

አቶ ግዛቸው ጭናቸውን መቱ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከገበሬ ጋር የሚጨቃጨቁት በዚሁ ነው፤ ሚዛኑ ሳይረጋ አነበባችሁብን፣ ረጋ፣ አልረጋም። «ይሄ ነው ሰው ማለት!» አሉ። «ካልረጋ አይነበብም!» ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋቢያቸውን ደርበው ጠዋት ጠዋት እየወጡ፣ ቀዩን ዘይት በገዛ እጃቸው ይለኩ ጀመር። ንግግሩም ከተማውን ዞረ። እናቴ እንኳን ፀጉሬን ስትሠራኝ ከተቁነጠነጥኩ፣ «እረፊ አንቺ፣ ካልረጋሽ አትነበቢም» ትለኝ ነበር።

ቡሌ ደጋ ነው። ከዲላ ተነስቶ እስኪደርሱ ድረስ መንገዱ አቀበት ብቻ ነው፤ ጠመዝማዛ፣ ድንጋይና ጭቃ። መኪናዋ በመጀመሪያው ጉዞ አጋማሽ ላይ እምቢ አለች። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይዞርም። ራዲያተሩ ሲከፈት ውሃው ደህና ነው። ከሆዷ ግን ጭስ ይወጣል፣ የተቃጠለ ስኳር የመሰለ ሽታ። የወንበሩ ሥር ከመጋሉ የተነሳ የደመላሽ የጎማ ጫማ ሶል ለስልሶ ወለሉ ላይ ተጣበቀ። ረዳቱ ጂግሶ የሚባል የአገሩ ሰው ነው፤ ደመላሽን በዕድሜ ይበልጠዋል፣ ቤቱም ከአቀበቱ ሥር ነው። ዘሎ ወረደና እርጥብ የእንሰት ቅጠል ቆርጦ ካምቢዮው ላይ አለበሰው። ቅጠሉ እየተንጫጫ ጠቆረ። ቆይተው፣ ቀዝቅዛ፣ ትንሽ ሄደች። እንደገና ቆመች።

በዚህ ዓይነት ስንት ሳምንት እንደሄዱ እንጃ። ጭነት ላይ የተሳፈረው ገበያተኛ በየጊዜው እየወረደ በእግሩ ይሄዳል፤ ቀድሟቸውም ይደርሳል። ስድቡን ደግሞ ማን ይቻለው።

«ጩኸቷ ቡሌ ደርሷል፣ እሷ ገና እዚህ ናት!»

«ጋሽ ግዛቸው መኪና መስሏቸው ጡሩንባ ገዝተው ነው!»

«ደመላሽ፣ ግራ እግርህን ከጡረታ ጥራው እንጂ!»

ደመላሽ ግን ጠዋት ሲለካ ዘይቱ ሙሉ ነው። ሽቦዋን ይመዛል፣ ሱሪው ላይ ይጠርጋል፣ ነክሮ ያያል፤ ልክ መስመሩ ላይ ነው። ከመጥረግ ብዛት ሱሪዎቹ ሁሉ ቀኝ ጭናቸው ላይ ቀይ መስመር አወጡ። አጣቢዋ እኔ ነኝ፤ በእንዶድ ብለው፣ በሳሙና ብለው አልለቅ አለኝ። ማታ ሲገባ እግሩን ሳይታጠብ ደፉ ላይ ይቀመጣል።

«ሙሉ ናት እኮ፣ እትዬ! ሙሉ ናት! ሙሉ የሆነ ነገር እንዴት ይቃጠላል?»

«ብላ እስቲ ልጄ፣ ደርቆ ይቀርብሃል።»

«ዓይኔ ነው እንዴ? ዓይኔ ነው የፈዘዘው?»

የጂግሶ አማርኛ ወንድና ሴት ብዙ አይለይም ነበር። «እኔ እነግርሃለሁ» ይለው ነበር፣ «እሱ ውሃ አልፈለገችም። ዘይት ነው የጠማው።»

«ጂግሶ፣ መኪና በቅሎ አይደለችም። ለክቻለሁ፤ ሙሉ ናት።»

አቶ ግዛቸውም ትዕግሥታቸው አለቀ። አንድ ጠዋት፣ እኔ ከማዶ ውሃ ስቀዳ፣ ሰው እየሰማ፣ «በዓይኔ ለክቻለሁ፤ ሙሉ ነው» አሉት። «የጎደለው አንተ ላይ ነው። ከአሁን በኋላ ትንሽ ትቁምብኝና ቁልፌን ከአንገትህ ፈትተህ ታመጣታለህ።»

ደመላሽ ቁልፉን ብቻ በእጁ ያዘ።

በዚያው ሳምንት እናቴ ገብስ ልትገዛ ቡሌ ገበያ ስትወጣ አብሬያት ጭነቱ ላይ ተሳፈርኩ። እንደ ልማዷ እየቆመች፣ እየተሰደበች ደረሰች። ቡሌ ጉም ውስጥ ነው፣ ጥርስ ያንገጫግጫል። ደመላሽ ሞተሩን አላጠፋም። ባትሪዋ ደክማ ነበር፤ በዚያ ብርድ ካጠፋት አትነሳም። ሌላ መኪና ቢሆን ሰው ገፍቶ ያስነሳዋል፣ እሷ ግን ፍሪሲዮን ስለሌላት በሰው ግፊት አትነሳም። ባለፈው ገበያ ሕዝቡ ጭቃው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲገፋት ውሎ፣ በመጨረሻ ረግሟት ነበር የተበተነው።

ስለዚህ እየሠራች ቆመች። ደመላሽ ሥራ የለውም፤ ተናዶም ነበር፤ እጁ አላርፍ አለው። እንዲያው ለእጁ ሥራ ለመስጠት ያህል መከለያውን ከፍቶ የካምቢዮዋን ሽቦ መዘዘ። ጠረገ፣ ነከረ፣ መዘዘ።

ደረቅ።

እንደገና ጠረገ። እንደገና ደረቅ። ጫፏ ላይ እንኳን ጠብታ የለም።

እኔ ገብሱ ጆንያ ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ። ፊቱ አመድ መሰለ። «ጂግሶ!» ብሎ ጮኸ። «ጂግሶ፣ ና እስቲ! ጠዋት ሙሉ አልነበረችም?»

«ሙሉ ነበር።»

«የት ሄደ ታዲያ?»

ጂግሶ ሽቦዋን አየ፣ የሚንቀጠቀጠውን ሞተር አየ። «ጠጥቶታላ!» አለው። «ስትተኛ ይተፋል፣ ስትነሳ ይጠጣል።»

ደመላሽ ያን ጊዜ ገባው። ሞተሩ ሲጠፋ ላይ ያለው ዘይት በሙሉ ወደ ሆዷ ይወርዳል፤ ሽቦዋ ሙሉ ነው ትላለች። ስትሠራ ግን ካምቢዮው ዘይቱን ወደ ላይ ይስበዋል፣ ሆዷ ባዶ ይቀራል። ተኝታ ሙሉ፣ ቆማ ባዶ። እየሠራች፣ እየሞቀች ነው መለካት የነበረባት። ያ ጣሊያኑ ያስተማረው ሁሉ ለዚህች አይሆንም። ከኋላ የነበረውን ቆርቆሮ ዘይት አንስቶ፣ ሞተሩ እየዞረ፣ ሽቦዋ መስመሩ ላይ እስክትረጥብ ድረስ ጨመረባት። ስንመለስ ሲዘፍን ነበር። ደመላሽ ሲዘፍን የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጠዋት አቶ ግዛቸው ጋቢያቸውን ደርበው ወጡ። መኪናዋ አድራ፣ ረግታለች። ሽቦዋን መዘዙ። ዘይቱ መስመሩን አልፎ ጣት ሙሉ ወደ ላይ ወጥቷል።

«ደመላሽ! ይሄ ምንድን ነው? አሰጠምካት እኮ!»

«ጋሼ፣ እሷ የምትለካው ሞተር ተነስቶ ነው።»

«ማን አለ?»

«እኔ... አየሁት፣ ጋሼ። ስትሠራ ደረቅ ናት።»

«ካልረጋ አይነበብም ያለኝ ማን ነው? እዚሁ ቆመህ፣ እዚችው ሚዛን ሥር፣ ማን ነው ያለኝ?»

«እኔ ነኝ። ተሳስቼ ነው።»

«ያኔ ተሳስተህ ነው ወይስ አሁን?»

ሰው ተሰብስቧል፤ ሳቁ ጀመረ። ደመላሽ ሞተሩን አስነሳና ሽቦዋን መዞ አሳያቸው። ዘይቱ በርግጥ ወርዷል፤ ሁላችንም አየን። አቶ ግዛቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «አየህ? ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ዘይቱን በተነው። ጆንያ ሲወዛወዝ ሚዛን የሚዋሸው እንዲህ ነው። እኔን ሚዛን ልታስተምረኝ ነው?» ብለው ራሳቸው መኪናዋ ሥር ገቡና ብሎኑን ፈትተው፣ ዘይቱን እስከ መስመሩ አወረዱት። ከንጹሕ ጋቢያቸው ግማሹ ቀይ ሆነ። ማንም ቢናገራቸው አይሰሙም ነበር፤ ንግግሩ ከደመላሽ አፍ ቢወጣም አሁን የሳቸው ሆኗል።

ደመላሽ ምን ያድርግ? ትርፉን ዘይት ጂግሶ ቤት አስቀመጠ። ጠዋት አቶ ግዛቸው ለክተው ይሸኙታል። አቀበቱ ሥር፣ ከጂግሶ እንሰት ጀርባ ያቆማል፣ ሞተሩ እየሠራ ይጨምርባታል። ቡሌ ሳትቆም ትወጣለች፣ ሳትቆም ትወርዳለች። ማታ እዚያው ቆሞ የጨመረውን መልሶ ያወርዳል፤ ጠዋት ሲለካ መስመሩ ላይ እንዲገኝ። የሚያሳፍረው ነገር ይሄ አልነበረም። የሚያሳፍረው አቶ ግዛቸው በር ላይ ቆመው ለአላፊ አግዳሚው የሚያወሩት ነበር።

«ሾፌሩ ሊያሰጥማት ነበር እኮ። እኔ በልኳ ካደረግኋት ወዲህ ግን ይኸው፣ አንድ ቀን ቆማ አታውቅም።»

«ዘይቱን እኔ አጠጣለሁ፣ ምስጋናውን እሳቸው ይጠጣሉ» አለ ደመላሽ ማታ።

«ዝም ብለህ እንጀራህን ብላ እንጂ ልጄ!» አለችው እናቴ። «ቁልፉ አንገትህ ላይ አይደል?»

«አንገቴ ላይ ነው፣ እትዬ። አንገቴ ግን ተደፍቷል። ሌባ እንኳን እንዲህ አይሠራም፤ ሌባ የሰው ይሰርቃል፣ እኔ የገዛ ሥራዬን ነው የምሰርቀው።»

እናቴ ከንፈሯን መጠጠች። እኔ ሱሪውን እያጣጠፍኩ ነበር።

ሰኔ ሲገባ አቶ ግዛቸው ቡሌ ላይ ቤት ሊሠሩ ቆርቆሮና ምስማር አስጫኑ። ካቢናው ውስጥም ራሳቸው ገቡ። አንድ የወናጎ ሾፌርም ጭነቱ ላይ ተሳፍሯል፤ ሥራ ፈትቶ ወደ ዘመዶቹ የሚሄድ። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገረን ጂግሶ ነው።

ደመላሽ አቀበቱ ሥር ሲደርስ ከእንሰቱ ጀርባ አቆመ።

«ምን ሆነሃል?»

«ዘይት ልጨምር ነው፣ ጋሼ።»

«ጠዋት ለክቼው?»

«ጠዋት ለክተውታል። በየቀኑ ይለኩታል። በየቀኑ ደግሞ እኔ እዚህ እጨምራለሁ፣ ማታ አወርዳለሁ። በዚህ ነው ሳትቆም የምትወጣው። ጂግሶን ይጠይቁት።»

ጂግሶ «እውነት ነው፣ ጌታው» አለ።

አቶ ግዛቸው አንዴ ጂግሶን፣ አንዴ ደመላሽን አዩ። ጂግሶ፣ ገባቸው ብዬ ነበር ይላል። እሳቸው ግን «ሁለታችሁ ስትስቁብኝ ከረማችሁ ማለት ነው» አሉ። «በየቀኑ ብሎኗን ስትፈታ ስታስር፣ ዘይቷን በጭቃ ስታለውስ! ያን የዘይት ቆርቆሮ ንካውና ቁልፌን ታስረክባለህ። ሂድ፣ ንዳ።»

«ሳልጨምር አልነዳም።»

«ተው ደመላሽ።»

«ጋሼ፣ ሳልጨምር ከነዳሁ ሦስተኛው ጠመዝማዛ ላይ ትቃጠላለች። ሌላ ያቃጥላት እንጂ እኔ አላቃጥላትም።»

ከዚያ ቁልፉን ከማተቡ ሊፈታ ጀመረ። በልጉን ሙሉ በዝናብና በላብ የራሰ ክር ነው፤ ቋጠሮው ድንጋይ ሆኗል። በጥፍሩ ቢል አልፈታ አለ፣ በጥርሱ ሞከረ። አቶ ግዛቸው እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ፤ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፤ ሰው ጭነቱ ላይ ሆኖ አንገቱን አስግጎ ያያል። ቢላ የሚያቀብል ነበረ፣ ግን ማተብ በቢላ ይቆረጣል? በመጨረሻ ጂግሶ መጥቶ፣ የእንሰት ልጥ መፍታት የለመደ ጣቱን አስገብቶ ፈታለት። ደመላሽ ቁልፉን ሱሪው ላይ፣ ያው ቀዩ መስመር ላይ ጠረገና ሰጣቸው። ማተቡን መልሶ አሰረ። በእግሩ ወደ ዲላ ወረደ።

የወናጎው ሾፌር ነዳት፤ እምቢ ስትልም ሳያሳርፍ አስጮኻት። ሦስተኛው ጠመዝማዛ አልደረሰችም። ጂግሶ የእንሰት ቅጠል ቆርጦ እስኪደርስ ካምቢዮዋ ውስጥ ያለው ሁሉ አሮ፣ ቀዩ ዘይት እንደ ሬንጅ ጠቁሮ በመንገዱ ፈሰሰ። የተጫነውን የቤት ቆርቆሮ ገበያተኛው በጭንቅላቱ ተሸክሞ አወረደው። መኪናዋን ከብዙ ቀን በኋላ በሌላ መኪና አስጎትተው ግቢያቸው አስገቧት፤ ከዚያ ወዲህ ዶሮ ነው ያደረባት።

አቶ ግዛቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው አንድ ነገር ነው ያሉት፤ «ደመላሽ ዘይት አብዝቶ አበላሽቶ ሰጠኝ።» ከተማውም አመናቸው። እናቴ እንኳን ግማሽ ልቧ እዚያ ነበር፤ «ዝም ቢል ምን ነበረበት» ትል ነበር። ስለሱ የምትናደደው ስለምትወደው ነው። ንግግሩ ደግሞ እስከ ዛሬ አለ። ባለፈው ሰሞን ገበያ ውስጥ አንዲት ልጅ ቲማቲም ስትመዝንልኝ «ቆይ እማማ፣ ካልረጋ አይነበብም» አለችኝ። ማን እንዳለው ታውቂያለሽ ልላት ፈልጌ ተውኩት።

ያን ማታ ደመላሽ ልብሱን በአንሶላ ቋጠረ። ቀይ መስመር ያለባቸውን ሁለት ሱሪዎች ገመድ ላይ ተዋቸው። እኔ ስላልደረቁ ነው የተዋቸው ብዬ ጠዋት ተሯሩጬ ወደ መናኸሪያ ብወስድለት አውቶቡሱ ወጥቷል። አንደኛውን እናቴ ለመወልወያ ቀደደችው። አንደኛው እኔ ጋ ነው።

ወሬው ለመጨረሻ ጊዜ የደረሰን በስልሳ አምስት ነው። ጂግሶ በቅሎ ሊገዛ ሀገረ ማርያም ወርዶ፣ ከከተማው ወደ ደቡብ ባለው የመንገድ ሥራ ካምፕ አይቶታል። ደመላሽ እዚያ የውሃ ቦቴ ይነዳ ነበር፤ ፍሪሲዮን ያለው። ከዚያ በኋላ ያየው ሰው አላጋጠመኝም።